የማዳበሪያ ድጎማው ስንት እንደሆነና ለማን እንደደረሰ በመጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ

የመኸር እርሻ በተቃረበ ቁጥር በየቀበሌው የሚሰሙት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ «ማዳበሪያው መቼ ይገባል?» እና «ኩንታሉ ዘንድሮ ስንት ሆነ?»። ሦስተኛ ጥያቄ ሊኖር ይገባ ነበር፤ ግን አይሰማም። በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ መንግሥት ስንት ብር እንደከፈለ የሚጠይቅ አርሶ አደር እምብዛም የለም፤ ሳይጠየቅ የሚናገር ኃላፊም እንዲሁ። አርሶ አደሩ በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መስኮት ፊት ቆሞ ገንዘቡን ይቆጥራል፤ ደረሰኙን ተቀብሎ ጆንያውን በአህያ ጭኖ ይሄዳል። ደረሰኙ የሚነግረው እሱ ራሱ የከፈለውን ነው። ሌላው ወገን የከፈለለት ድርሻ በዜና ይሰማል እንጂ እጁ አይገባም።

ይህ ድርሻ ደግሞ ጥቂት አይደለም። በየካቲት 2014 ዓ.ም በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ጣሪያ ነካ። አገሪቱ የምትጠቀመውን ዩሪያም ሆነ ኤን ፒ ኤስ ከውጭ ገዝታ በጅቡቲ ወደብ በኩል የምታስገባ በመሆኗ ንረቱ በቀጥታ ወደ አርሶ አደሩ ደጃፍ ደረሰ። በዚያው ዓመት መንግሥት ለማዳበሪያ 15 ቢሊዮን ብር ደጎመ። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ተገዝቶ በብር የሚሸጥ ዕቃ ምን እንደሚገጥመው ለማንም ግልጽ ነው። መንግሥትም ማዳበሪያን ከነዳጅና ከመድኃኒት ጋር በድጎማ ከሚደገፉት ተርታ አስቀምጦ ቀጠለ።

ድጎማው መኖሩ ተገቢ ነው። ያለ ድጎማ ግማሽ ሄክታር የሚያርስ አባወራ ማዳበሪያውን ጨርሶ ይተወው ነበር፤ ምርቱም በዚያው ልክ ያሽቆለቁል ነበር። አጠያያቂው ድጎማው የሚሄድበት መንገድ ነው። በዚህ አገር ድጎማ ለአርሶ አደሩ በጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፤ በዋጋው ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። የውጭ መግዣው፣ የመርከብ ጭነቱ፣ የወደብ ወጪው፣ የአገር ውስጥ ትራንስፖርቱ፣ የባንክ ወለዱ፣ የዩኒየኑና የመሠረታዊ ማኅበሩ የአገልግሎት ክፍያ ሁሉ ይደመርና ከላይ የተወሰነው ይቀነሳል። የቀረው ለአርሶ አደሩ ይነገረዋል። የተቀነሰው ከስንቱ ላይ ስንቱ እንደሆነ ግን በቀበሌ ደረጃ ተጽፎ አይገኝም።

ውጤቱ ብዙ ነው። አንዱ፣ አርሶ አደሩ ድጎማንና ብድርን አንድ አድርጎ መመልከቱ ነው። የቆዩት ገበሬዎች ለዚህ ምክንያት አላቸው። ቀድሞ የነበረው የማዳበሪያ ድጎማ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተነሣ በኋላ ማዳበሪያ ለረጅም ዓመታት የተሰራጨው በክልል መንግሥታት ዋስትና በሚገኝ ብድር ነበር። ዕዳውን ከመከር በኋላ የሚሰበስቡት ደግሞ የቀበሌ አመራሮች ነበሩ። ዝናብ በቀረበት ዓመት በሬ ሸጦ ዕዳ የከፈለ አባት «መንግሥት አግዞሃል» ሲባል ጆሮውን ቢያቅብ አይፈረድበትም። ዛሬ በርግጥ የታገዘበትን መጠን በብር አሳይቶ ካልነገሩት በቀር ልዩነቱ አይገባውም።

ሁለተኛው የከፋ ነው። መጠኑ የማይታወቅ ድጎማ ቢጎድልም አይታወቅም። አንድ ማኅበር ለ800 አባወራ የተመደበ ማዳበሪያ ተቀብሎ ለ700 ቢያከፋፍል ቀሪው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የተመደበውን ማወቅ አለበት። በደጎመው ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ ቁጥር ጆንያው ከመጋዘን በር ሳይሆን ከጓሮ እንዲወጣ የሚገፋው ኃይል ይበረታል። በየዓመቱ በየኬላው የሚያዘው ማዳበሪያ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከአንድ ቀበሌ ስም ዝርዝር ላይ የተነሣ ነው። ጆንያው በኬላ ሲያዝ የመኪናው ሾፌር ይጠየቃል። ስሙ በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ጆንያው ያልደረሰው ገበሬ ግን መዘረፉንም አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። በገበያ ቀን ጥግ ላይ የሚሸጠው ማዳበሪያ ሁሉ የሌባ አይደለም። ሁለት ጆንያ የደረሰው ድሃ አባወራ አንዱን ሸጦ ለሁለተኛው የተበደረውን ይከፍላል። ወይም ማዳበሪያው ዘግይቶ ደርሶ የዘር ጊዜው አልፎበታል፤ በቤቱ ይዞት ከሚከርም ይሸጠዋል። በቆሎ ግንቦትና ሰኔ ተዘርቶ ጉልበት ሲደርስ ዩሪያ የሚፈልግ ሰብል ነው። ያ ሳምንት ካለፈ በኋላ የመጣ ዩሪያ ድጎማው ምንም ያህል ቢሆን ለበቆሎው አይደርስም። ይህን ሰው እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ማየት ስህተት ነው። እሱ የሸጠው የራሱን ድርሻ ነው፤ የሸጠበት ምክንያትም የአቅርቦት ሥርዓቱ ራሱ ነው። በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ጭነት በዘገየባቸው ዓመታት ይህ የት የት እንደደረሰ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች ከማንም በላይ ያውቁታል።

ከሁሉ በላይ ግን ውይይት የሚያስፈልገው ድጎማው ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። በብዙ ቀበሌ የማዳበሪያ ፍላጎት የሚመዘገበው በመሬት ይዞታ ደብተር መሠረት ነው። ደብተሩ ላይ ስሙ ያለ ሰው ይመዘገባል፤ ይዞታው በሰፋ መጠን ብዙ ኩንታል ይደርሰዋል። ለስሌት ያህል የአንድ ኩንታል ሙሉ ዋጋ 10 ሺህ ብር ነው እንበል፤ አርሶ አደሩ 7 ሺህ ቢከፍል ድጎማው 3 ሺህ ይሆናል። ሁለት ሄክታር ያለው ሰው አራት ኩንታል ሲወስድ መንግሥት 12 ሺህ ብር ደጎመው ማለት ነው። ሩብ ሄክታር ያላት ባልዋ የሞተባት እናት ግማሽ ኩንታል ስትወስድ የደረሳት 1 ሺህ 500 ብር ነው። መሬት የሌለው ወጣት ምንም አልደረሰውም። ድጎማ የሚባለው ነገር ድሃውን ለመርዳት እንደሆነ በየስብሰባው ይነገራል፤ ስሌቱ ግን እንዲህ ነው።

መሬት የሌለው ወጣት አያርስም ማለት አይደለም። በጎጃምም በጎንደርም በወሎም የሚያርሰው የሌላ ሰው መሬት ነው፤ በእኩል፣ በሲሶ ወይም በገንዘብ ተኮናትሮ። መሬቱ የአቅመ ደካማ ሽማግሌ፣ በሬ የሌላት ሴት ወይም ከተማ የገባ ሰው ነው። በሬው፣ ጉልበቱና ዘሩ የወጣቱ ነው። ማዳበሪያው ግን የሚወጣው በባለ ደብተሩ ስም ነው። ሁለቱ ተስማምተው ከሠሩ ችግር የለም፤ ባለመሬቷ ትፈርምለታለች፣ ወጣቱ ገንዘቡን ከፍሎ ይወስዳል። ካልተስማሙ ወይም ባለ ደብተሩ ሌላ ከተማ ካለ ወጣቱ ከነጋዴ በውድ ይገዛል። ያንን ስም የወጣበት ጆንያም ሌላ ሰው ይወስደዋል። በመሬቱ ላይ የሚያርሰው ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ፣ የማያርሰው ሰው ድጎማ ሲያገኝ ማየት ለማንም የሚያኮራ አይደለም።

ይህ ችግር የዚህ አገር ብቻ አይደለም። ህንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ለገበሬ ቤተሰቦች በዓመት 6 ሺህ ሩፒ በሦስት ክፍያ በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳባቸው የምታስገባበትን ፕሮግራም ጀመረች። ገንዘቡ ደላላ ሳይነካው ይደርሳል፤ ለብዙዎች ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ብቁ የሚያደርገው የመሬት መዝገብ ነው፤ የሰው መሬት ተከራይቶ የሚያርሰው ገበሬ ከጥቅሙ ውጪ ቀርቷል። ማላዊም በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የማዳበሪያ ኩፖን በየመንደሩ ለተመረጡ ድሆች ሁለት ሁለት ባለ 50 ኪሎ ጆንያ እንዲያስገኝ የታሰበ ነበር። የመንደር አለቆች ግን «አንዱን መርጠን ሌላውን መተው ያጣላናል» እያሉ ኩፖኑን ለብዙ ሰው ከፋፈሉት። ከላይ የወጣ መመሪያ መንደር ሲደርስ የመንደሩን ሕግ ያገኛል።

የአሜሪካ ገጠር ወረዳዎች፣ እነሱ ካውንቲ የሚሏቸው፣ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ትኩረት የሚስብ ነው። ሀብታቸውን ከኛ ጋር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው፤ ሺህ ሄክታር የሚያርስ ሰው ድጎማ የሚቀበልበት አገር ነው። በአሠራሩ ውስጥ ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል። አንደኛው፣ መሬቱ በእኩል ከታረሰ የመንግሥት ክፍያው በባለመሬቱና በአራሹ መካከል እንደ ምርት ድርሻቸው ይከፈላል፤ በጥሬ ገንዘብ ከተከራየ ደግሞ ክፍያው የአራሹ ነው። (ባለመሬቱ በሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ጨምሮ ከፊሉን መልሶ እንደሚወስደው የኢኮኖሚ ባለሙያዎቻቸው ይናገራሉ፤ የትም አገር ባለመሬት ብልህ ነው።) በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ይህን የሚከታተል ከገበሬዎች መካከል በገበሬዎች የተመረጠ ኮሚቴ አለ። ሁለተኛው፣ ማን ስንት እንደተቀበለ ምስጢር አይደለም። አንድ የሲቪክ ድርጅት በመረጃ ነጻነት ሕጉ መሠረት መዝገቡን ከመንግሥት ወስዶ በ2001 እ.ኤ.አ. ስም በስም ይፋ አደረገው። ከዚያ በኋላ ድጎማው በአብዛኛው ወደ ትላልቆቹ እርሻዎች እንደሚሄድ ማንም ሊክደው አልቻለም። ድጎማው አልቀረም፤ ክርክሩ ግን በቁጥር ላይ ቆመ።

እንዲህ ዓይነቱን ሐሳብ ለአንድ የወረዳ ኃላፊ ቢያቀርቡለት የሚመልሰው ይገመታል። «ስም መለጠፍ ሰው ያቀያይማል» ይላል። ሥጋቱ ባዶ አይደለም። አውሮፓ ውስጥም የእርሻ ድጎማ የተቀበሉ ግለሰቦችን ስም ማውጣት የግል ሕይወትን ይነካል ተብሎ በ2010 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ተሽሮ ነበር፤ በኋላ አነስተኛ ገንዘብ የሚቀበሉት ስማቸው እንዳይወጣ ተደርጎ ተመልሷል። ስለዚህ ምን እንደሚለጠፍ መለየት ያሻል። የአንድ ሰው የብድር ዕዳ፣ ያልከፈለው ቀሪ ገንዘብ፣ የባንክ ሒሳቡ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። የወሰደው ኩንታል ግን በቀበሌው ውስጥ ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ ጎረቤቱ ጆንያውን አህያው ላይ አይቶታል። ምስጢር ሆኖ የሚቆየው ሳይወስድ እንደወሰደ የተመዘገበበት ብቻ ነው፤ ያንን ምስጢር መጠበቅ የሚጠቅመው ደግሞ አንድ ሰውን ብቻ ነው።

«ሙሉ ዋጋውን ካሳወቅን አርሶ አደሩ ልዩነቱን አይቶ ይሸጠዋል» የሚል መከራከሪያም ይሰማል። ሙሉ ዋጋውንማ ነጋዴው በገበያ ቀን እየነገረው ነው። ያልነገረው ማኅበሩ ነው።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በሥራ መብዛት የሚያነሡት ቅሬታ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንድ የቀበሌ ባለሙያ ማዳበሪያ ይመዘግባል፣ ዘር ያከፋፍላል፣ የተፋሰስ ሥራ ያስተባብራል፣ ሪፖርት ይሞላል፤ ለስብሰባም ይጠራል። ተጨማሪ ሰንጠረዥ ሲመጣበት የሚሰጠው መልስ ባዶ ቦታውን በግምት መሙላት ነው፤ በግምት የተሞላ ዝርዝር ደግሞ ከሌለው ይብሳል። ስለዚህ አዲስ ሪፖርት አያስፈልግም። የሥርጭት ዝርዝሩ በማኅበሩ እጅ አለ፤ የተመደበው ኮታ በወረዳው እጅ አለ። የሚጎድለው ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የመጋዘኑ በር ላይ መውጣታቸው ነው፤ ከላይ ደግሞ በጉልህ ጽሑፍ ሦስት ቁጥር፣ የኩንታሉ ሙሉ ዋጋ፣ መንግሥት የከፈለው፣ አርሶ አደሩ የሚከፍለው። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በቃል ይነገር፤ የቀበሌ ማስታወቂያ ሲኖር ሁልጊዜም የሚደረገው ይኸው ነው።

ኃላፊነቱ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ጭምር ነው። ማኅበሩ የአባላቱ ንብረት ነው ይባላል። ንብረቱ የሆነ ሰው የማኅበሩን የኩንታል አገልግሎት ክፍያ ሊያውቅ ይገባል። ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የኦዲት ሪፖርት በሁለት ደቂቃ ተነቦ በጭብጨባ ሲጸድቅ ማየት የተለመደ ነው። በዚያ ሪፖርት ውስጥ ምን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ እንደገባ፣ እንደወጣና እንደከረመ የሚለው አንድ መስመር ብቻውን ተነስቶ ውይይት ቢደረግበት ጉባኤው ጭብጨባውን ቢያሳጥርም አይጎዳም።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በቀጥታ የክፍያ ባይሆንም ከድጎማው አይለይም። ድጎማው ማዳበሪያ ላይ ብቻ ሲያተኩር አርሶ አደሩ ማዳበሪያ ብቻ እንዲያስብ ያደርገዋል። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደጋማ ቦታዎች አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ፎስፈረሱ ይታሰርና ሰብሉ አያገኘውም፤ ዩሪያ በብዛት መጨመር ደግሞ አሲዱን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ እሱም በሄክታር ሃያና ሠላሳ ኩንታል የሚጠይቅ፣ ክብደቱ ከዋጋው በላይ ትራንስፖርቱን የሚያስወድድ። በዚህ ማሳ ላይ አንድ ብር ለኖራ ማጓጓዣ ቢውል ለዩሪያ ከሚውለው ብር ይልቅ ብዙ ምርት ሊያስገኝ ይችላል። ገበሬው ግን የረከሰለትን ይገዛል፤ የረከሰለት ደግሞ ዩሪያው ነው። ስለ ድጎማው በይፋ ቁጥር ቢኖር ይህን ጥያቄ የሚያነሣው ገበሬ ራሱ በሆነ ነበር።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ፋብሪካው ሲደርስ የመርከቡና የዶላሩ ጣጣ ይቀል ይሆናል። ከዩኒየን መጋዘን እስከ ማሳው ያለው መንገድ ግን ያው መንገድ ነው፤ ጎዴ ላይ የተመረተ ዩሪያም በዚሁ ዝርዝር፣ በዚሁ መስኮት፣ በዚሁ ደብተር ስም ነው የሚወጣው።

ለዚህ መኸር ጊዜው ቢጠብ እንኳ የሚቀጥለው ዓመት ፍላጎት ምዝገባ የሚጀመረው ከመከር ጋር ነው። ከቀበሌ የተነሣው ቁጥር በወረዳና በዞን አልፎ የውጭ ግዥው መነሻ የሚሆነው ያኔ ነው። ያን መዝገብ የሚከፍት የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ከ«የመሬቱ ባለይዞታ» ዓምድ ቀጥሎ «በሚቀጥለው መኸር የሚያርሰው» የሚል ዓምድ ሊጨምርበት ይችላል። በእኩል የሚታረስ ከሆነ የምርት ክፍፍሉ ይጻፍ፤ በኪራይ ከሆነ ውሉ ይታይ። የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 252/2009 ባለይዞታው መሬቱን እንዲያከራይ ፈቅዶለታል፤ ስለዚህ በዚህ ምዝገባ መሬቱን አጣለሁ ብሎ የሚፈራ ባለ ደብተር ካለ የቀበሌው መሬት አስተዳደር ባለሙያ አስቀድሞ ያስረዳው። ሁለቱ ይፈርሙ፤ አንዱ ቅጂ በማኅበሩ፣ ሌላው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ማዳበሪያው ሲገባ መስኮቱ ላይ የሚጠራው ስም የሚያርሰው ሰው ስም ይሁን።